ሲሚንቶ ለጉልበት

አንባቢ ሆይ፥ «ሲሚንቶ» ሲባል የሚታይህ ቤትና ድልድይ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ለእኔም እስከ ዘንድሮ እንዲሁ ነበር። እናቴ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሪ ደጋ ወደ ጂንካ ገበያ ስትወርድ፥ የቀኝ ጉልበቷ ወደ ውስጥ በኩል እየጠዘጠዘ መንገድ ላይ ያስቀምጣት ጀመር። አዲስ አበባ ወሰድኳት። ሐኪሙ ራጁን አይቶ፥ «ያለቀው የውስጡ ጎን ብቻ ነው፤ ጅማቶቹ ደህና ናቸው። ያንኑ ጎን ብቻ በብረትና በፕላስቲክ እንተካዋለን» አለን። ቀጥሎም በሲሚንቶ ይሁን ወይስ ያለ ሲሚንቶ የሚለው ነገር ተነሣ።

እናቴ ሳቀችና፥ «ልጄ፥ ጉልበቴን ሊገነቡት ነው እንዴ?» አለችኝ።

የሐኪም ሲሚንቶና የግንበኛ ሲሚንቶ የሚገናኙት በስም ብቻ ነው። ከፕላስቲክ ወገን የሆነ ዱቄት በፈሳሽ ተቦክቶ በአጥንቱና በብረቱ መካከል ይገባል፤ በጥቂት ደቂቃም ይጠነክራል። ያለ ሲሚንቶ የሚገባው ብረት ግን ጀርባው ሻካራ ነው፤ በጥብቅ ይገባና አጥንቱ ራሱ በሳምንታትና በወራት እያደገ ይይዘዋል። ይህ እንደ እርጥብ የቆርች አጥር ነው፤ ሥር ከሰደደ የሚነቀንቀው የለም፤ ነገር ግን በደካማ አፈር ላይ በኃይል ብትመታው ዳርቻው ይፈርሳል።

በእንግሊዝ አገር ጉድፌሎውና ኦኮነር የሠሩት የኦክስፎርድ ጉልበት እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ለአንድ ጎን ብቻ በሲሚንቶ ሲተከል ቆይቶ፥ በ2004 ያለ ሲሚንቶ የሚገባው ተጨመረ። ከዚያው አገር መዝገብ ተወስዶ በ2020 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ በ10 ዓመት ውስጥ ጉልበታቸው ዳግመኛ ሳይለወጥ የቆየላቸው ከ100 ሰዎች በሲሚንቶ 90፥ ያለ ሲሚንቶ 93 ያህል ናቸው።

እኔም ቁጥሩን ይዤ፥ «እንግዲያው ያለ ሲሚንቶ ይሁን!» አልሁ። ሐኪሙ በትዕግሥት ሰምቶኝ፥ «የእናትህ አጥንት ትንሽ ነው፤ ዕድሜም አሳስቶታል። ብረቱን አጥብቀን ስናስገባ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለእሳቸው ሲሚንቶው ይሻላል» አለኝ። አፈርሁ። ቁጥሩ የብዙ ሰው ነው፤ ጉልበቱ ግን የእናቴ ነው።

ስለዚህ ወዳጄ፥ ወላጅህ ጉልበቴን ሲሉህ፥ የትኛው አዲስ ነው ብለህ አትጀምር። ያለቀው አንድ ጎን ብቻ ነውን? ጅማቱስ ጤናማ ነውን? አጥንቱስ ይችላልን? ብለህ ጠይቅ።

የእናቴ ቀጠሮ ቀርቧል። እስከዚያ የቅዳሜ ዘንቢሏን የምሸከመው እኔ ነኝ።