መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው?

አንባቢ ሆይ፤ መቐለ ሄደህ የእንዳ ኢየሱስን ኮረብታ አይተህ እንደሆነ፥ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚመላለሱበት ያ ስፍራ በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ምሽግ እንደ ነበረ ሳትሰማ አትቀርም። በጥር ወር ሻለቃ ጋሊያኖን ከምሽጉ ያስወጣው ጥም ነው፤ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ ከተያዘ በኋላ ሊቆይ አልቻለም።

ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር፥ በጠላት ላይ ያማረው ዘዴ በሕመምተኛ ላይ ሲደረግ ሊገድል እንደሚችል ትዝ ይለኛል። የቢሮ ባልደረባችን መጠጥ አብዝቶ ጠባዩ ሲለወጥ ዘመዶቹ በር ይዘጉበታል፤ ገንዘቡን ይይዙበታል፤ «ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ አትቀምስም!» ይሉታል። ነገር ግን ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፥ በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ያልበዋል፥ እንቅልፍም ያጣል፤ በ2 ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር እያየ ሊቃዥ ይችላል። ያን ጊዜ «አበደ» ተብሎ ይታሰራል። ሐኪም ካልደረሰለት ግን ሊሞት ይችላል።

ጫት ሌላ ጠባይ አለው። ፈተና ደረሰ ብሎ ሌት ተቀን የቃመ ተማሪ፥ ሰው ሁሉ የሚያሳድደው ሊመስለው፥ ሌላው የማይሰማው ድምፅም ሊሰማው ይችላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ጫቱ ሲቀርና እንቅልፍ ሲገኝ እየበረደ ይሄዳል።

ሦስተኛው ደግሞ ሕመሙ ቀድሞበት፥ ያየውን መከራ ለመርሳት የሚጠጣው ነው። ትግራይ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ያሳለፈችውን ጦርነት ለሚያስብ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። እንዲህ ያለውን ሰው «መጀመሪያ መጠጡን ትተህ ና» ማለት በር መዝጋት ነው፤ ሁለቱ አብረው መታከም አለባቸው።

ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ ነው፦ ምን ወሰደ? ስንት? መጨረሻ የወሰደውስ መቼ ነው?

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥምህ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ ስለታም ነገር አርቅ፤ አትከራከረው፥ አትስደበውም። ራሱን ለመግደል ያስብ እንደሆነ በግልጽ ጠይቀው፤ በመጠየቅህ ያላሰበውን አታሳስበውም፤ መጠጥ ግን ያሰበውን ያደፋፍረዋል። ሰክሮ ከተኛ በጎኑ አስተኛው፤ ብቻውን አትተወው። ጠበሉም አይከልከል፤ ሐኪሙ ግን አይዘግይ። መቐለ ከሆንህ ዓይደር ሆስፒታል አለ። ከሐኪሙ ፊት ስትቀርብ ቤተ ሰቡ አፍሮ የሚሸሽገውን አንተ ተናገር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና።