ከካዛንቺስ ለወንድም ጋሼ

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ፣

  እማማ ጉልበታቸውን ትንሽ እንደተሻላቸው ሰምቼ በጣም ደስ ብሎኛል። የመጣሁበት የሙዚቃ መምህራን ሥልጠና ጠዋት ጠዋት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ እግሬ ወደመራኝ እሄዳለሁ። ያረፍኩት ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ካዛንቺስ ሲወጡ ባለች አንዲት ፔንሲዮን ነው። በስልክ ተጀምሮ ካርድ እያለቀ የሚቋረጠውን ወሬ ዛሬ በወረቀት ልጨርሰው።

እርስዎ ከማርሽ ባንዱ ጋር ለአብዮት በዓል ሲመጡ ያመሹበት ካዛንቺስ ዛሬ የለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት አሮጌው ሰፈር ፈርሶ፣ ነዋሪው ዕቃውን ጭኖ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል። መንገዱ ሰፍቷል፤ ለእግረኛውም ለብስክሌቱም የየራሱ መስመር ተነጥፎለታል፤ ማታ መብራቱ ደማቅ ነው። ያማረውን አምሯል ማለት ይገባል። የእኔ ዓይን ግን የአዝማሪ ቤቶቹን ነበር የሚፈልገው።

ፈንድቃን ያውቁታል፤ በቴሌቪዥን ሲያዩ ትከሻዎን አላስችል ያለዎት የመላኩ በላይ ቤት ነው። መላኩ እዚያ ቤት ለዓመታት ያለ ደመወዝ፣ እንግዳ በሚሸልመው ገንዘብ ብቻ እየጨፈረ፣ ማታም እዚያው እያደረ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቱን ራሱ ተረክቦ የባህል ማዕከል አደረገው። ከማሲንቆው ጎን የውጭ አገር ጃዝ ተጫዋች ቆሞ ሳክስፎን የሚነፋበት፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል የሚሰቀልበት ቤት ነበር። ቤቱ ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል። ኢትዮከለር የተባለው ቡድኑ ግን አልተበተነም፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ወሬዬ ልምጣ። ኡራኤል አካባቢ፣ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር ካለ አግዳሚ ላይ አንድ አዛውንት አገኘሁ። ካዛንቺስ ተወልደው ያደጉ፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ክላርኔት ሲጫወቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሁን ቤታቸው ሩቅ ቢሆንም በወር በወሩ ኡራኤልን ሊሳለሙ ይመጣሉ። የሙዚቃ አስተማሪ መሆኔን ስነግራቸው ምንም ሳይሉ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። አውራ ጣታቸው ላይ፣ ከጥፍሩ ወደ ውስጥ ባለው አንጓ ጎን፣ የክላርኔቱ ክብደት ለዘመናት ያረፈበት ቦታ ጠጥሮ ጉብ ብሏል። ጫን ብዬ ነካሁት፤ እንደ ቀንድ ደረቅ ነው። መሣሪያውን ካስቀመጡ ስንት ዘመናቸው፣ እሱ ግን አልጠፋም። «መጀመሪያ ኖታውን በአፍህ፣ ምቱን በእጅህ ነው። ይህ ሳይፈስልህ ክላርኔቷን በዓይንህም አታያትም» አሉኝ። ያስተማራቸው ሰው ደግሞ የአቀናባሪው የነርሲስ ናልባንዲያን ተማሪ ነበር።

ወንድም ጋሼ፣ የእርስዎም ትራምፔት የዚሁ ሐረግ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ፣ በአርመኖች ገዳም ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ። ልባቸው ተነካና አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የደረሱት በዚያው ዓመት ጳጉሜን ውስጥ ነው። ቤት ንብረታቸው ወድሞ፣ እናት አባታቸውን አጥተው የመጡ ልጆች ናቸው እንግዲህ የአገራችንን ሙዚቃ መስመር ያስያዙት። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በራስ ተፈሪ የንግሥና በዓል የተሰማው መዝሙር ዜማው የኬቮርክ፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው።

የኬቮርክ ዘመድ ነርሲስ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የአገራችንን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ እያቀናበረ ትውልድ ቀረጸ። ሥራው ቀላል እንዳልነበረ እኔም እርስዎም እናውቃለን። ቅኝታችን አምስት ድምፅ ነው። አንቺሆዬን ለሳክስፎን፣ ለትራምፔትና ለትሮምቦን ሲያከፋፍሉት ትንሽ ከበዛ ዜማው መልኩን ይለቃል። ነርሲስ መልኩን ሳያስለቅቅ ነው ያሰፋው፤ እኔ በበኩሌ ከአቀናባሪዎቻችን ሁሉ እሱን አስቀድማለሁ።

ይህ ሁሉ ግን ያደገው በዙፋን ጥላ ሥር ነው። ክብር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ጦር ሠራዊቱ፣ የሁሉም ኦርኬስትራ ደመወዙም ዩኒፎርሙም መሣሪያውም የመንግሥት ነበር። ስለዚህ መንግሥት ሲናወጥ ሙዚቀኛውም አብሮ ይናወጣል። በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁን ገሠሠ ሳይቀር ታሰረ፤ የክብር ዘበኛ ድምፃዊ ነበርና።

ከካዛንቺስ ቁልቁል ሲወርዱ ሂልተን አለ። ትናንት በአጥሩ ሳልፍ ዋሊያስ ባንድን አሰብኩ። እነ ኃይሉ መርጊያ መሣሪያቸውን የክለብ ባለቤት ሳይሆን ራሳቸው የያዙ፣ በራሳቸው እግር የቆሙ ሙዚቀኞች ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ይህ ብርቅ ነው። በደርግ ሰዓት እላፊ እንግዳው ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል ሂልተን ውስጥ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። «ቼ በለው»ን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ያንን ካሴት እኮ እርስዎ ናቸው ያሰሙኝ። በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደው ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ደንበኛ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ በትንሽ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ዓለም ፈልጎ ወደ መድረክ መለሰው።

በሥልጠናው ላይ ስለ ጀርመኑ የላይፕዚግ ጌቫንድሃውስ ኦርኬስትራ ብዙ ሰማን፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ስለሱ ማንበብ አልተውኩም። እ.ኤ.አ. በ1743 አሥራ ስድስት የከተማው ሰዎች፣ መኳንንትም ነጋዴዎችም፣ ገንዘብ አዋጥተው አሥራ ስድስት ሙዚቀኞች አቆሙ። ንጉሥ አላዘዛቸውም። አዳራሽ ስላልነበራቸው ለዓመታት የተጫወቱት በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ነው። እዚህ ላይ ስደርስ የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ! በ1781 የጨርቅ ነጋዴዎች ሕንፃ ውስጥ አዳራሽ ተሠራላቸው። በ1835 ሜንዴልሶን መሪያቸው ሆኖ መጣ፤ በ1843 ደግሞ እዚያው ከተማ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፈተ። የእኛው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ትምህርት ቤትና ከሶፊያ ሌላ በዚሁ ትምህርት ቤትም ተምሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አዳራሻቸው በቦምብ ወደመ። ኦርኬስትራው ግን በ1981 አዲሱ አዳራሽ እስኪከፈት ድረስ ከመካነ አራዊቱ አጠገብ ባለ የስብሰባ አዳራሽ ይጫወት ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል መሆኑ ነው።

ያንን ሁሉ ዘመን ያሻገራቸው ከተማው «የእኔ ነው» ማለቱ ይመስለኛል። ተማሪ ከመምህሩ ሙያውን ይረከባል፤ ትምህርት ቤቱ ከኦርኬስትራው ጎን ነው። እኛ ዘንድ ትምህርት ቤቱም ሊቁም አልጠፉም፤ የጎደለው ሙዚቀኛው መንግሥት ቢለወጥ፣ ሰፈር ቢፈርስ የሚሰባሰብበት የራሱ ቤት ነው። ካዛንቺስ ላይ አሁን ሕንፃ እየተነሳ ነው። ከእነዚህ ፎቆች መሀል ለአንድ የሙዚቃ አዳራሽ ቦታ ይተው ብዬ ከልቤ እመኛለሁ፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉም እናገራለሁ። በመጀመሪያው ቀን ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስና የአርባ ልጆች ቅንብር ቢሰማበት፣ በማግስቱ አዝማሪው ቢገባበት እንዴት ያለ ነገር ነበር።

አዛውንቱን ስለ እርስዎ ነገርኳቸው። የጎንደሩ ማርሽ ባንድ ያኔ ይጫወታቸው የነበሩት ማርሾች ኖታቸው ተጽፎ እንዳለ ጠየቁኝ። እንደሌለ፣ እርስዎና ሁለቱ ጓደኞችዎ በጆሮ ብቻ እንደያዛችኋቸው ስነግራቸው አዘኑ፤ «ቶሎ ጻፈው» ብለው አጥብቀው አደራ አሉኝ። ስለዚህ እባክዎን ባለ ትሮምቦኑንም ባለ ከበሮውንም ካሉበት ያፈላልጉልኝ። ሥልጠናው አልቆ ስመለስ የኖታ ደብተር ይዤ እመጣለሁ፤ እርስዎ ይነፋሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ለትራምፔቱ የቫልቭ ዘይት ፒያሳ አግኝቼ ገዝቻለሁ። ትንሹ ልጅዎ መሣሪያውን እንዳይነካ ከላይ የሰቀሉትን ግን ያውርዱለትና ኖታውን በአፉ ያስጀምሩት፤ ዕድሜው ደርሷል።

ለእማማ፣ ለቤተሰቡ በሙሉ፣ ለጎረቤቶቻችንም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ወንድምዎ