ከገጠር ወደ ከተማ የገባ ቋንቋ

ሐዋሳን አይተው ያውቃሉ? ከተማዋ ያለችው ሐይቅ ዳር ነው። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም።

ጠዋት አሞራ ገደል ይሂዱ። የዓሣ ገበያው እዚያ ነው። ቆሮሶና አምባዛ ከጀልባ ይወርዳል። አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ አሞራ ፍርፋሪ ይጠብቃል። አሁን ጆሮዎን ይስጡ። አንዱ በሲዳምኛ ይጣራል። ሌላው በወላይትኛ ይመልሳል። ዋጋ ሲቆረጥ አማርኛ ይመጣል። ጎበዝ ሻጭ ሦስቱንም ይችላል፤ ገበያ አያመልጠውም።

ሐዋሳ ገና ወጣት ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከየአገሩ ሰው መጥቶ ሰፈረባት። ባላገሩ ሲዳማ ግን ለብዙ ዘመን በከተማዋ እንደ እንግዳ ነበር። ይሸጣል፤ ይገዛል፤ ወደ ቀዬው ይመለሳል። አማርኛ ካልቻለ መሥሪያ ቤት ሲገባ አስተርጓሚ ይለምን ነበር። የሐረር ነገር ሌላ ነው። የሐረሪ ቋንቋ ጀጎል ግንብ ውስጥ የኖረ የከተማ ቋንቋ ነው። ሲዳምኛ ግን ከገጠር ወደ ከተማ የገባ ነው።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ሲዳምኛ አንዱ ነበር። ያኔ በእኛው ፊደል ተጻፈ፤ ኋላ በላቲን ሆነ። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ። ዛሬ ሲዳምኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው።

ታዲያ ችግሩ አለቀ? አላለቀም። አያት በሲዳምኛ ትጠይቃለች፤ ከተማ የተወለደው ልጅ በአማርኛ ይመልሳል። ቃሉ ገብቶታል፤ አፉ ግን አልለመደም።

ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። ይህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ቀኑን ይቆርጣሉ። ፍቼ የሴት ስም ነው ይባላል። ባል ካገባች በኋላ በዓመት አንዴ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿን ትጠይቅ ነበር። ጎረቤትም ይቀምስ ነበር። ቡርሳሜ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት ይሠራል።

በበዓሉ የተጣላ ይታረቃል። በጨምበላላ ቀን ከብት አይታረድም፤ ዛፍም አይቆረጥም። ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ፤ ቡርሳሜም ይበላሉ። አማርኛ የለመደው ልጅ እንኳ ይህችን ሰላምታ በሲዳምኛ ነው የሚላት።

ዩኔስኮ በዓሉን በ2008 ዓ.ም. የሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ብሎ መዘገበው።

በገጠር በዚያ ቀን ከብቱ ወደ ለምለም ሣር ይነዳል። ከተማ ውስጥ ሣሩ ከየት ይምጣ? የከተማው ሰው ሐይቁ ዳር ወዳለው ጉዱማሌ ይወርዳል። ከገጠር የመጣ ዘመዱን እዚያ ያገኘዋል። ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ። ወንዶቹም ቄጣላ ይጨፍራሉ።