ከበርሊን የመጣው ሰማያዊ

ካትሱሺካ ሆኩሳይ ሰባ ዓመት ሲሞላው ሌላው ሰው "ይብቃኝ" የሚልበት ዕድሜ ላይ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ጥቂት ዓመት ሆኗታል። የልጅ ልጁ ያመጣው ዕዳ በእሱ ጫንቃ ላይ ወድቋል። በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ስሙ የታወቀ ሠዓሊ ቢሆንም ኑሮው የድሃ ኑሮ ነው።

ሽማግሌው ግን ብሩሹን አላስቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ1833 ገደማ በእንጨት ተቀርጸው በወረቀት የታተሙ ስምንት የፏፏቴ ሥዕሎች አወጣ። በአንዱ፣ በአሚዳ ፏፏቴ፣ ውኃው ክብ ከሆነ የገደል ቀዳዳ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከጎኑ ሦስት ሰዎች ገደሉ ጫፍ ላይ አረፍ ብለዋል። በሌላው፣ በኪሪፉሪ፣ ውኃው እንደ ዛፍ ሥር ተሰነጣጥቆ ይፈስሳል፤ ከታች መንገደኞች አንጋጠው ያያሉ።

የእነዚህ ሥዕሎች ሞገስ ያለው ሰማያዊው ላይ ነው። ሰማያዊው ደግሞ የጃፓን አይደለም።

ቀለሙ የተገኘው በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ነው። ጃፓኖችም "ቤሮ" ያሉት ከከተማዋ ስም ወስደው ነው። በዚያን ጊዜ አገሪቱ በሯን ዘግታ ነበር። ዜጎቿ ወደ ውጭ እንዳይወጡ ተከልክለዋል፤ ከአውሮፓውያን ናጋሳኪ ላይ እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው የኔዘርላንድ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ቀለሙ በእነሱና በቻይና ነጋዴዎች እጅ ገባ። ከአበባ የሚጨመቀው የአገሩ ሰማያዊ ቶሎ ይደበዝዝ ነበር፤ ይሄኛው ደማቅ ነው፣ አይለቅም።

ሆኩሳይ "የባዕድ ነው" ብሎ አልገፋውም። የአገሩን ውኃ ሣለበት።

ባህልን መጠበቅ በር መዝጋት የሚመስላቸው ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ቢሉ ጥሩ ነው። ከውጭ የመጣ ሁሉ ሥልጣኔ የሚመስላቸውም እንዲሁ። ቀለሙ ብቻውን ሥዕል አይሆንም። ቀለሙን የተቀበለው ከ50 ዓመት በላይ የሠራ እጅ ነበር፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ስማቸው ያልታወቀ እንጨት ቀራጮችና አታሚዎች ነበሩ። ሙያ ባይኖር ኖሮ ቀለሙ ዕቃ ሆኖ ይቀር ነበር።

ዛሬ ያን ፏፏቴ ያየ ሁሉ "ጃፓን!" ይላል። "በርሊን" የሚል የለም። የራሱን ሥራ የሚያውቅ ሕዝብ ተበድሮም የራሱ ያደርገዋል። የማያውቅ ግን በሩን ቢዘጋም ቢከፍትም ያው ነው።