በብስክሌት ወደ ጢስ ዓባይ

ባሕር ዳርን ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው ስለ ጣና፣ ስለ ገዳማቱና በየጎዳናው ስለ ተሰለፉት ዘንባባዎች አውርቶ አይጠግብም። ስለ ብስክሌቱ ግን እምብዛም ሲነገር አይሰማም። እኔ ወደዚያች ከተማ በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ ዐይኔን የሚይዘው ይኸው ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ነው። ምድሩ ሜዳ በመሆኑ ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም ብስክሌት መንዳት የለመደው ዱሮ ነው። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ በየመንገዱ ከተበራከተ ወዲህ የብስክሌቱ ቁጥር ቀነስ ብሏል የሚሉ አሉ። ቢሆንም በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲሠራ ብስክሌተኛው አልተረሳም፤ መሄጃ ተለይቶለታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደስተኝ የሴቶቹ ነገር ነው። በአዲስ አበባ አንዲት ሴት በብስክሌት ስታልፍ መንገደኛው ዞር ብሎ ያያታል። በባሕር ዳር ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ የጎመን ዘንቢል ከኋላዋ አሥራ የምትነዳ እናት ማንንም አታስገርምም።

አክስቴ ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ነበሩ። በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገቡት በሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከክር ማሽን አልተለዩም። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ የከተማዋን ግማሽ ያሳደገ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አክስቴ ከቤታቸው ወደ ፋብሪካው የሚመላለሱት በብስክሌት ነበር። ታዲያ አንድ ሌሊት ከፈረቃ ሲወጡ ዝናብ ይዘንባል፤ የፍሬኑ ላስቲክ አልቆ ኖሮ ቢጨብጡት ቢጨብጡት አልያዘላቸውም። ከአንድ የቆመ ጋሪ ጋር ተላትመው የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። እጁ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይዞርም። ብስክሌቱን በዚያው ወር ሸጡት፤ ከዚያ በኋላም በቤታቸው ስለ ብስክሌት ወሬ አልተወደደም።

እንግዲህ የእኚህ ሴት የመጨረሻ ልጅ፣ በ2010 ዓ.ም. የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ የማውንቴን ብስክሌት ባለቤት ሆና ተገኘች። ወንድሟ አሮጌውን ሰጥቷት ነው። የሠፈሩ ጎረምሶች በየጊዜው ከከተማው ዳር ተነሥተው እስከ ጢስ ዓባይ ከተማ መግቢያ ይሽቀዳደማሉ፤ ርቀቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን መንገዱ በዚያን ጊዜ ኮረትና አቧራ ነበር። ልጅቱ ከእነርሱ ጋር ካልተወዳደርኩ ብላ እህል አልቀምስ አለች። እናት አልሰሙም። እኔ በጥቅምት ወር ለሥራ ሄጄ እቤታቸው ባርፍ ክርክሩ መሐል ገባሁ።

«አንቺ አብረሻት ከሄድሽ ትሂድ» አሉ በመጨረሻ። «ግን አንዲት ጭረት ይዛ ብትመጣ ብስክሌቱን ነገ ጧት አውጥቼ እሸጠዋለሁ። በሥላሴ ምዬ ነው የምነግርሽ!»

ማውንቴን ብስክሌት የሚባለው ከተለመደው በምን ይለያል ለምትሉ እኅቶች ባጭሩ ላስረዳ። ጎማው ወፍራምና ጥርሳም ነው፤ አካሉ ለድንጋይ መንገድ እንዲጠና ሆኖ የተሠራ ነው፤ ለአቀበትና ለቁልቁለት የሚለዋወጥ ብዙ ማርሽ አለው። የተፈጠረበት ታሪክ ራሱ የብልሽት ታሪክ ነው። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ጥቂት ወጣቶች ከባድና አሮጌ ብስክሌቶችን እየገዙ ከተራራ ቁልቁል ይለቁ ነበር። የእነዚያ ብስክሌቶች ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ስለ ነበር፣ ቁልቁለቱ ሲበዛበት በኋላው ጎማ መሐል ያለው ግራሶ እየጋለ በጭስ መልክ ይወጣል። ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ ፈትቶ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ነው። ከ1969 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ ሲወዳደሩበት የነበረው መንገድ «ሬፓክ» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንደገና መሙላት ማለት ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ስፖርቱ በአትላንታ ኦሊምፒክ ገባ፤ በሴቶች የመጀመሪያውን ወርቅ የወሰደችው ኢጣሊያዊቷ ፓኦላ ፔዞ ናት።

አገራችንም ብትሆን ለብስክሌት እንግዳ አይደለችም። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ነበሯት። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ የቱር ደ ፍራንስን ውድድር የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሰላም አምሃ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በሴቶች የጎዳና ውድድር ለኢትዮጵያ ተሰልፋለች።

ወደ ጉዟችን ልመለስ። ልጅቱን ተከትሎ መድረስ እንደማይሆንልኝ ስለማውቅ፣ ከተወዳዳሪዎቹ ቀድሜ አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሜ ልነሣ ተስማማን። ብስክሌት ከሐይቁ ዳር ተከራየሁ። ቀለሙ አዲስ ነበር፤ እኔም ቀለሙን አየሁና ወደድኩት። ፍሬኑን መሞከር፣ ጎማውን መጫን በሐሳቤም አልመጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ሸንኮራ አገዳ ስገዛ እንኳ አንጓውን ቆጥሬ፣ ልጣጩን በጥፍሬ ሞክሬ የምገዛ ሴት፣ ነፍሴን የምጥልበትን ዕቃ እንዲሁ በቀለሙ ወሰድኩት።

ጥቅምት በዚያ አገር እንዴት ያምራል! ዝናቡ ቆሟል፤ መሬቱ ግን ገና አልደረቀም። በግራም በቀኝም ጤፉ እያዛጋ ነው፤ ኑጉ አበባውን አፍክቶ ማሳው በቢጫ ተለብጧል፤ የጫቱና የባሕር ዛፉ ተክል በየመሐሉ ይታያል። ገበያተኞች ሴቶች እንስራና ቅርጫት ተሸክመው ያልፋሉ። አንዲት ጠና ያሉ እናት ወዛቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «አረ ምነው ልጄ፣ አህያ ጠፍቶ ነው?» ብለውኝ አብረን ሳቅን። ከመሸነፍ ይልቅ የሚያደክመው የመንገዱ ኮረት ነው፤ እጅን ያደነዝዛል፣ ወገብን ያንቀጠቅጣል። የግራር እሾህም ሌላው ጠላት ነው። ሁለት ጊዜ ወርጄ ጎማዬን ዳሰስኩ፤ ያ ደኅና ነበር።

ወደ ጢስ ዓባይ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩ አንድ ቁልቁለት አለ። ከላይ ሆኜ ሳየው ያን ያህል አይመስልም። መሐሉ ላይ ስደርስ ግን ፍጥነቱ ከቁጥጥሬ ወጣ። የኋላውን ፍሬን ጨበጥኩ፤ «ጥው» አለና እጀታው ባዶውን ተኮማተረ። ሽቦው ተበጠሰ። ደንግጬ የፊተኛውን ባለ በሌለ ኀይሌ ያዝኩት። ይህ ከስሕተት ሁሉ የከፋው መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ በኮረት ላይ የፊት ጎማ ከታሰረ ከኋላ ያለው ሁሉ፣ ሰውም ጭምር፣ ወደ ፊት ይሄዳል። እኔም ሄድኩ። ራሴን ያገኘሁት በቦይ ውስጥ፣ ጉልበቴና ክንዴ ተልጦ፣ ጫማዬ አንዱ መንገድ ላይ ቀርቶ ነው።

እዚያው ተቀምጬ ደሜን በመሐረብ ስጠርግ አቧራው ከላይ ተነሣ። ተወዳዳሪዎቹ ደረሱ። ዘጠኝ ወንዶችና እርሷ ናቸው። ሁለቱ እንደ ጥይት አለፉ። ሦስተኛዋ እርሷ ነበረች! ያንን ፊት አልረሳውም፤ በአቧራው ውስጥ ጥርሷ ብቻ ይታያል። አየችኝ፤ አየችኝና የፍሬኑን እጀታ ሰብስባ ይዛ ቆመች።

«እታለም! እታለም ደኅና ነሽ?»

«ሂጂ!» አልኳት። «ሂጂ እንጂ፣ ምን ትሠሪያለሽ!»

አልሄደችም። ወርዳ ጉልበቴን አየች፤ ክንዴን አንሥታ አጣጥፋ ዘረጋችው። አጥንት እንዳልተሰበረ እስክታረጋግጥ ድረስ አራቱ ወንዶች ጥለዋት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ነው ተመልሳ የተቀመጠችው። ከቁልቁለቱ ቀጥሎ አቀበት ይጀምራል፤ እርሷም ቸኩላ፣ ብስክሌቱ ገና በከባድ ማርሽ ላይ እንዳለ፣ ቆማ እየረገጠች ማርሹን ለወጠች። ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ድምፁ እኔ ካለሁበት ተሰማኝ።

ልቤ የተሰበረው ያኔ ነው። ጉልበቴን ረሳሁት። ይህ ሁሉ የመጣው እኔ ጧት አንድ የፍሬን ሽቦ ለማየት አንገቴን ዝቅ ባለማድረጌ ነው።

ልጅቱ ግን አላለቀሰችም። ሰንሰለቱን ከመሬት አንሥታ አንገቷ ላይ እንደ ማተብ አጠለቀችው፤ ብስክሌቱን በመሪው ይዛ አቀበቱን በሩጫ ጀመረች። ሰዎቹ እንደነገሩኝ እስከ መጨረሻው ሮጣለች፤ ቁልቁለት ሲያገኛት ትቀመጥበታለች፣ ሜዳና አቀበት ሲሆን ትገፋዋለች። ከእርሷ በኋላ የነበሩት ሁለቱ፣ አንዱ በእሾህ ጎማው ተንፍሶ፣ ሌላው የፔዳሉ ቡሎን ወልቆበት፣ ደርሳ አለፈቻቸው። ስምንተኛ ወጣች።

እኔን ያነሣኝ ከተወዳዳሪዎቹ ኋላ በዝግታ የሚመጣው የቡድኑ ጠጋኝ ነው። በጀርባው ባዘለው ከረጢት ውስጥ ፖምፓ፣ ፒንሳ፣ መፍቻ፣ ማስቲሽና የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ነበሩት። የተበጠሰውን ሽቦ አሳየኝ። ጫፉ በአንድ ቀን አልተበጠሰም፤ ክሮቹ አንድ በአንድ እየተፈቱ ዝገው ቆይተው፣ የቀሩት ሁለት ሦስቱ ናቸው ያን ቀን የተለያዩት። የላስቲኩም ነገር እንዲሁ ነበር፤ አልቆ ብረቱ ቸርኬውን ሲፍቅ ኖሯል። ልጁ ትሑት ነው፤ አልወቀሰኝም። ብቻ «እኅቴ፣ ከመውጣትሽ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ጨብጠሽ ብስክሌቱን ወደ ፊት መግፋት ነበረብሽ፤ ጎማው ከዞረ አትቀመጪበትም» አለኝ። ጎማውን በአውራ ጣት መጫን፣ ብስክሌቱን አንሥቶ መሬት ላይ ማንጠር፣ የላላ ቡሎን ካለ ድምፁን መስማት፣ ሰንሰለቱን በጣት ነክቶ ደረቅ ከሆነ ዘይት ማስነካት፤ ይህን ሁሉ እዚያው እያሳየኝ አስረዳኝ። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በቁልቁለትም ላይ ፍሬን የሚያዝ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ ቶሎ ቶሎ እየለቀቁ፣ ሰውነትን ወደ ኋላ አድርጎ ነው። ማርሽም የሚለወጠው አቀበቱ ከመድረሱ በፊት፣ እግር ፋታ ባገኘ ጊዜ ነው።

ከተማው መግቢያ ላይ ልጅቱን ከአንድ ዋርካ ሥር አገኘናት። ልጁ የሰንሰለቱን አንድ ዐይን በምስማርና በድንጋይ መትቶ አወጣው፤ የቀሩትን ጫፎች አገናኝቶ ገጠመው። አንድ ዐይን አጠረ፤ በአንድ ማርሽ ብቻ እስከ ቤት ይወስዳል አለን።

እዚያ ድረስ ሄዶ ፏፏቴውን ሳያዩ መመለስ ነውር ነው። ብስክሌቶቹን አስጠብቀን፣ እኔ እያነከስኩ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት የተሠራውን የአላታን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን ወጣን። ውሃው የሚሰማው ሳይታይ ነው። ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል ይወርዳል፤ በክረምት ሲሞላ ስፋቱ 400 ሜትር ይደርሳል። ከውሃው ከፊሉ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹ ይጠለፋል፤ የመጀመሪያው ማመንጫ በ1956 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩ ናቸው። በዚያ ጥቅምት ግን ለዐይን የሚበቃ ነበር፤ ጢሱ ፊታችንን አረጠበው። ልጅቱ ዝም ብላ ስትመለከት ቆይታ «እማዬ ትሸጥብኝ ይሆን?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

በመንገድ ላይ ለአክስቴ ምን እንደምላቸው ሳሰላስል መጣሁ። ልዋሽ አስቤ ነበር፤ እውነቱ ይነገር። ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። እኔን አስቀምጠው ቁስሌን በለብታ ጨው ውሃ እያጠቡ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ተነሥተው ወደ ልጃቸው ብስክሌት ሄዱ። በደኅናው እጃቸው ጎማውን አሾሩ፤ ሁለቱን ፍሬኖች ጨብጠው ወደ ፊት ገፉት፤ ጎማውን በአውራ ጣት ተጫኑ። ያ ልጅ ያስተማረኝን ሁሉ አንድም ሳያጎድሉ!

«ይኸ ሰንሰለት ለምን አጠረ?»

ልጅቱ ሁሉንም ነገረቻቸው። መቆሟንም፣ ማርሹንም፣ መሮጧንም። እኔም የራሴን ጥፋት ጨመርኩበት። አክስቴ አዳምጠው ሲጨርሱ ወደ ጓዳ ገቡና ዝገት የበላው የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። ውስጡ አሮጌ መፍቻ፣ የዘይት ጠርሙስና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለ። ጋዜጣው ሲፈታ አራት አዳዲስ የፍሬን ላስቲኮች ወጡ። እጃቸው በተሰበረ ሳምንት የገዟቸው፣ ሳይገጥሟቸው ብስክሌቱ የተሸጠ ናቸው።

ልጃቸው አንዱን አንሥታ ከራሷ ፍሬን ጋር አለካካች።

«ለዚህኛው አይሆንም» አሉ አክስቴ። «የዱሮው ሰፊ ነበር። ነገ ይዘሽው ሂጂና ልኩን ግዢ፤ ሰንሰለቱንም አዲስ አስገቢ። ገንዘቡን ከእኔ ትወስጃለሽ።»