ከሰሉ ይደር ወይስ ይውጣ?

ሚኒያፖሊስ የምትኖር ዘመዴ ሰሞኑን ደውላ ከባሏ ጋር ምን እንዳጣላት ስትነግረኝ ሳቅሁ። ነገሩ የቤት ማሞቂያው ሌሊቱን ይብራ ወይስ ይጥፋ የሚል ነው። እሱ «አጥፍተነው ካደርን ጠዋት እንደገና ለማሞቅ የባሰ ይፈጃል» ይላል። ሂሳቡን የምትከፍለው እሷ ስለሆነች «ዝቅ ብሎ ይደር» ትላለች። እውነቱ ከእሷ ጋር ነው። ቤት ሙቀት የሚያፈሰው ከውጭው ብርድ ጋር ባለው ልዩነት መጠን ስለሆነ፣ ሌሊቱን በረድ ብሎ ያደረ ቤት የሚያባክነው ያንሳል። ጨርሰው የማያጠፉትም የውሃ ቧንቧው በረዶ ሆኖ እንዳይፈነዳ ነው። የእነሱ ክርክር ወር ሲያልቅ በሚመጣ ወረቀት ይፈታል።

አምቦ፣ ጊንጪ፣ ጌዶ፣ ጀልዱ ያለ ሰውም ይህንኑ ጥያቄ በየምሽቱ ይጠይቃል። ልዩነቱ ማሞቂያው ማንደጃ መሆኑ ነው። ቡናው ተጠጥቶ ያለቀበት ፍም ይውጣ ወይስ አመድ ለብሶ አልጋው አጠገብ ይደር? የእኛ ስሕተት ወር አይጠብቅም። አቋሜን ከአሁኑ ልናገር፦ ይውጣ። ትንሽ ይቆይ፣ በሩ ገርበብ ይበል፣ አመድ ይልበስ የሚባል መካከለኛ መንገድ የለም። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ብርዳችን የሚብሰው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ሐምሌ ቀኑን ሙሉ ቢያንዘፈዝፍም ደመናው ሌሊት እንደ ጋቢ ሆኖ የምድሩን ሙቀት ይይዛል። ከጥቅምት እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፤ መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ሌሊቱን ወደ ሰማይ ትለቀዋለች፤ ንጋት ላይ በደጋው ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ትሻላለች። ወደ ጌዶ ሲወጣ፣ ወደ ጀልዱ ወይም ወደ ወንጪ ሲታጠፍ ግን ሌላ አገር ነው። የቆርቆሮ ጣራችን ደግሞ ያንኑ የጠራ ሰማይ ፊት ለፊት ይጋፈጣል። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ ያደረ ሰው፣ ጠዋት ከቆርቆሮው ፊቱ ላይ የሚንጠባጠበውን ጤዛ ያውቀዋል። ስለዚህ ከሰሉን ያሳደረን ሰው ሞኝ ነው ብዬ አልነሣም። በርዶታል።

«ድሮስ እሳት ዳር ተኝተን አድገን የለ?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ግን ቤቱንም አብረን እናንሣው። የሣር ክዳን ይተነፍሳል። የጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ አያጣም፤ በሩ ሳንቃ ነው፣ ከሥሩም ድመት ይሾልካል። ከብቱ ከዚያው ጣራ ሥር ጋጣው ውስጥ ያድራል፤ የላምና የበሬ ትንፋሽ ራሱ ማሞቂያ ነበር። እሳቱም እንጨት ነው። እንጨት ሲከፋ ይጨሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ የተኛውን ያስነሣል። ያ ቤት ደኅና ነበር ማለቴ አይደለም፤ የእናቶቻችንን ሳንባ ቀስ በቀስ ነው የበላው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ለሞት እንዳበቃ ገምቷል። ይሁንና ያ ቤት በአንድ ሌሊት ቤተሰብ የሚጨርስ አልነበረም።

የማገዶን ነገር ካነሣን አይቀር፣ ይህ አካባቢ በእንጨት ምክንያት ዋና ከተማ ሊያገኝ ነበር። አዲስ አበባ ዙሪያዋ ተመንጥሮ ማገዶ ሲያጥራት አፄ ምኒልክ በ1900 እ.ኤ.አ. አካባቢ መናገሻቸውን በአምቦ መንገድ ላይ ወዳለችው አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ግንባታም አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ያስቀራት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው፤ አዲስ ዓለም በቤተ መንግሥት ፋንታ የማርያም ቤተ ክርስቲያኗ ቀረላት። ባሕር ዛፉም እነሆ እስከ ዛሬ ማገዶ፣ አጠናና ከሰል ሆኖ በዚያው የአምቦ መንገድ ይመላለሳል።

አሁን የምንተኛበትን ክፍል እንይ። ግቢ ውስጥ ተደርድረው ከተሠሩት የኪራይ ሰርቪሶች አንዷ ናት እንበል፤ ሦስት ሜትር በአራት። ብሎኬቱ በሲሚንቶ ተለስኗል፣ በሩ ላሜራ ነው፣ መስኮቱ መስታወት። ከላይ ማዳበሪያ ከረጢት ተወጥሮ ኮርኒስ ሆኗል። ለሌባ ተብሎ በሩ ይቀረቀራል፣ ለንፋስ ተብሎ ከበሩ ሥር ጨርቅ ይጠቀጠቃል። እዚያ ውስጥ ማንደጃ ይገባል።

ከሰል አታላይ ነው። ጭሱን እንጨቱ ሲከስል እዚያው ጫካ ትቶት ስለመጣ፣ ፍሙ ከቀላ በኋላ ንጹሕ ይመስላል። «ጥቁሩ ካለቀ፣ ጭሱ ከጠፋ አይጎዳም» የሚለው እምነት በየቤቱ አለ። የሚገድለው ግን ጭሱ አይደለም። ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ፍሙ ቀልቶም ይወጣል፣ አመድ ሲለብስና አየር ሲያጥረው ደግሞ ይብሳል። አምቦ ውሃ ውስጥ የሚፍለቀለቀው ጋዝ የዚህ የቅርብ ዘመድ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የአምቦ ውሃው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከሁለቱ ኦክሲጅን አንዱን ሲያጣ ገዳዩ ይሆናል። ያኛውን ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠርሙስ እየሞላን አገር አጠጥተንበታል። ይኸኛው ደም ውስጥ ሲገባ ኦክሲጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ይነጥቃል፤ ከሂሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ኦክሲጅን ከሚጣበቅበት ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ኃይል ነው።

ቁጥር ለሚወድ ሰው ስሌቱ ይኸው። አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ በግምት 200 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ማንደጃው ላይ የቀረው ሩብ ኪሎ ቢሆን 50 ግራም ማለት ነው። ያቺ ሦስት በአራት ክፍል 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ቢኖራት የምትይዘው አየር 30 ሜትር ኩብ ነው። አየር ካልወጣና ካልገባ፣ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ከ1,500 እጅ በላይ መርዝ ይሆናል፤ ይህ በሁለት ሰዓት ገደማ ለሞት ሊያበቃ የሚችል መጠን ነው። ክፍሏ በተጨባጭ ትንሽ ታስተነፍሳለች፤ ብዙ ሰው ጠዋት ራሱን ይዞ የሚነሣውና የማይሞተው በዚያች ስንጥቅ ነው። ከፍታችንም አያግዘንም። 2,500 ሜትር ላይ የምንተነፍሰው ኦክሲጅን ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር ሩብ ያህል ጎድሎ የሚጀምር ነው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የፈረንሳዩ ደራሲ ኤሚል ዞላ በመስከረም 1902 እ.ኤ.አ. ፓሪስ በሚገኘው ቤቱ፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ እሳት እንዳለ ከሚስቱ ጋር ተኛ። የጭስ ማውጫው ተደፍኗል። ሌሊት ሁለቱም ታመው ነቁ፤ የበሉት ምግብ ያልተስማማቸው መስሏቸው አሽከር መቀስቀስ አልፈለጉም። ዞላ ከአልጋው ወርዶ ወደቀ፣ እዚያው ሞተ፤ አልጋው ላይ የቀረችው ሚስቱ ተረፈች። ከዚህ ታሪክ እኔን የሚይዘኝ «ምግቡ ነው» የሚለው ግምት ነው። መርዙ አእምሮን ስለሚያደክም፣ ሰውዬው የነቃ ቢሆን እንኳ በሩ አጠገብ ሆኖ በሩን መክፈት አያስበውም።

ከመርዙ ይልቅ ንፋስ የምንፈራ ሕዝብ መሆናችን ነገሩን ያከብደዋል። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ላይ የሚወርደውን ታውቃላችሁ። አርባ ዲግሪ ትኩሳት ያለበት ልጅ እንኳ ሲታቀፍ እስከ አፍንጫው ተጀቡኖ ነው። በአራስ ቤት ደግሞ ፍርሃቱ ጣራ ይነካል፤ መጋረጃ በመጋረጃ ላይ ይደረባል፣ መስኮቱ ይደፈናል፣ እናትና ልጅ እንዳይበርዳቸው ማንደጃው ቀንም ሌትም ይገባል። ሁሉም ከፍቅር የሚደረግ ነው። ሕፃን ግን ከአዋቂ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ መርዙን ቀድሞ የሚወስደው እሱ ነው። አማትን፣ አክስትን፣ ጎረቤት አዴዎችን «ንፋስ አይገድልም» ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም፤ እኔ ማንንም በዚህ ረትቼ አላውቅም። የሚሠራው «ክፍሉን ቀድመን እናሙቀው፣ ከዚያ ማንደጃውን አውጥተን፣ ክፍሉን ጥቂት አናፍሰን እናስተኛቸው» ማለት ነው። ሙቀቱም ይገኛል፣ የማንም ክብር አይነካም።

የጥበቃ ሠራተኞችንም ላንሣ። በር ላይ የሚሠራላቸው የቆርቆሮ ቤት አንድ ሰው አስቀምጦ የሚሞላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ንቁ እንዲሆን የተቀጠረ ሰው፣ ካፖርትና ከሰል ተሰጥቶት እዚያች ሳጥን ውስጥ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ከላይ ካሰላኋት ክፍል በብዙ እጥፍ የምታንስ መሆኗን አስቡት። ቀጣሪው ሁለት መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ከላይና ከታች ቢያስበሳ ወጪው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ፍሙ ግን ያኔም ቢሆን ከደጅ ይሁን።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልምጣ፤ ወደ አከራዮች። በየከተማችን ተማሪው፣ መምህሩ፣ የቀን ሠራተኛው ተከራይ ነው፤ አምቦ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ከአከራይ አፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ሕግ «ኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል ነው» የሚል ነው። ሂተር ማሰብማ ነውር ነው። በአምፖል ሳይቀር የሚቆጡ አሉ። ከሰል ግን አይከለከልም፤ ከቆጣሪው ላይ አይነበብማ! ስለዚህ ተከራዩ በሕጉ መሠረት፣ ጎረቤት ሳይረብሽ፣ ማንንም ሳያስከፋ ማንደጃውን ይዞ ይገባና በሩን ይቆልፋል። ግቢው ከሁለቱ አንዱን መከልከል ካለበት የተከለከለው የተሳሳተው ነው። አከራዮችም የራሳቸው ሐሳብ አላቸው፤ የመስመሩ ሽቦ ቀጭን ነው፣ ሂሳቡን ማን ይክፈል የሚለው በየወሩ ያጣላል። ይህ ግን ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ በማስገባት የሚያልቅ ጠብ ነው። መብራት በጠፋ ምሽት መላው እንደሌለ አውቃለሁ፤ ያን ምሽት ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፣ ሻዩም ወጡም እዚያው ይሠራ፣ እጅ እግርም እዚያው ይሙቅ።

መድኃኒት ተብለው ስለሚነገሩት በአጭሩ፦ ፍሙ ላይ ጨው መነስነስ መርዙን አያጠፋም። አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥም አያጠፋም፤ ጋዙ ውሃ ውስጥ እዚህ ግባ በሚባል መጠን አይሟሟም። ለተመታው ሰው ወተት መስጠት ከደሙ ምንም አያወጣም፤ ራሱን ስቶ ከሆነ ጭራሽ ሊያንቀው ይችላል።

ለሌሊቱ የሚያሞቀው ሌላ ነው። የፈላ ውሃ በጀሪካን ውስጥ ጨምሮ ክዳኑን አጥብቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር ሥር ማድረግ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ይበቃል። ሃይላንድ ፈልቶ የወረደ ውሃ ሲገባበት ይጨማደዳል፣ ትንሽ ይቀዝቀዝለት። ሲሚንቶው ወለልም ሙቀት ይጠጣል፤ ፍራሹ መሬት ላይ ከሆነ ከሥሩ ካርቶን ወይም ሰሌን ይነጠፍ። ከላይ ሦስተኛ ብርድ ልብስ ከመደረብ ይህ ይሻላል። የማዳበሪያ ኮርኒስ ላይ ሌላ ድርብ ማከል፣ ካልሲና ኮፍያ አድርጎ መተኛት። የሌለው ሰው ደግሞ እንደ ድሮው ከወንድሙ ጋር አንድ ቡሉኮ ይጋራል።

ይህ ሁሉ ተብሎም ከሰል አድሮበት ሰው ወድቆ ከተገኘ፣ መጀመሪያ በሩንና መስኮቱን መክፈት፣ ሰውየውን ጎትቶ ማውጣት፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም። በተራ አየር ሲተነፍስ ደሙ ውስጥ ያለው መርዝ ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በጭንብል ንጹሕ ኦክሲጅን ሲሰጠው ወደ 80 ደቂቃ ገደማ ይወርዳል። «ነቅቻለሁ፣ ደኅና ነኝ» ብሎ ወደ ሥራ የሄደውም ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የማስታወስና የመራመድ ችግር ሊጀምረው ይችላል።

ቀለል ያለውን ደግሞ አትናቁት። ጠዋት ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ ከቤት ሲወጣም ከተሻለው፣ ከሰሉን ጠርጥሩ፤ ጉንፋን በአንድ ሌሊት ሁሉንም አይመታም። እኛ አገር ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይዞ የሄደ ሰው የታይፎይድ መድኃኒት ይዞ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ሐኪሙ ካልተነገረው በመልክ አያውቀውም። ካርድ ክፍል ቆማችሁ ሳይጠይቋችሁ ንገሩ፦ «ማታ ቤታችን ከሰል አድሯል።»