ከሮቫ ጊሜል ወደ ጣና ዳር፦ የጋብቻ ዓመት ጉዞ ወደ ጎርጎራ

ጎርጎራ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከጎንደር ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ሠርተውባታል። በደንቢያ፣ በወገራ፣ በሰሜንና በጎንደር ዙሪያ ተወልደው በወጣትነታቸው ወደ እስራኤል የሄዱ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ባልና ሚስቶች ከረጅም ዘመን በኋላ አገራቸውን ለማየት ሲመለሱ፣ መንገዳቸው ከሚያደርሳቸው ስፍራዎች አንዷ ናት። እዚህ የሚገለጸው ከአሽዶድ የሚነሣው እንዲህ ያለው ጉዞ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

አሽዶድ በሜዲትራኒያን ዳር በ1956 የተመሠረተች የወደብ ከተማ ስትሆን ሰፈሮቿ በዕብራይስጥ ፊደል ተራ ይጠራሉ። ሮቫ ጊሜል ከቀደሙት ሰፈሮች አንዱ ነው። በከተማዋ የሚኖሩት ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች አመጣጣቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ከፊሎቹ በእግር ሱዳን ገብተው፣ በስደተኛ ሰፈር ቆይተው፣ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ተወስደዋል። በዚያ መንገድና በሰፈሮቹ ውስጥ 4 ሺህ ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል፤ መታሰቢያቸውም በኢየሩሳሌም በሄርጸል ተራራ ቆሟል። ሌሎቹ በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ በሠላሳ ስድስት ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ከተነሡት ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች መካከል ናቸው። ልዩነቱ በመልሱ ጉዞ ላይ ጎልቶ ይታያል። በሱዳን በኩል የወጡት ሚስጥሩ እንዳይታወቅ በሌሊት፣ ከብቱንና እህሉን እንዳለ ትተው፣ አብሮ ላደገ ጎረቤት እንኳ ሳይነግሩ ነው የሄዱት። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ሲመለሱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቃቸው ያኔ ያልተደረገው ስንብት ነው።

የተጋቡበትን ዕለት በየዓመቱ ማክበር በገጠሩ ልማድ አልነበረም። ሠርጉ ራሱ ግን በደንብ ይታወሳል። እህል ተሰብስቦ ሲያበቃ፣ ብዙውን ጊዜ በጥር፣ ዳስ ተጥሎ ሽማግሌ ባለበት ይፈጸም ነበር። በቤተ እስራኤል ሥርዓት ቄሱ በሙሽራው ግንባር ላይ ነጭና ቀይ ፈትል ያስሩለታል፤ ይህ ቀሸራ ይባላል። እስራኤል ከገቡ በኋላ የጋብቻ ነገር ሌላ ፈተና ገጠመው። የአገሪቱ ዋና ረቢነት አዲሶቹ ገቢዎች ለጋብቻ ሲመዘገቡ ምሳሌያዊ የመጥለቅ ሥርዓት ይፈጽሙ ብሎ በመጠየቁ፣ በ1985 ማኅበረሰቡ በኢየሩሳሌም በረቢነቱ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጦ ተቃውሟል። አባትና እናት በሽማግሌ፣ በቄስና በአገር ምስክርነት የተጋቡበት ውል በባዕድ ጠረጴዛ ላይ ለጥያቄ ሲቀርብ ያዩ ሰዎች፣ ሠላሳና አርባኛ ዓመታቸውን ውሉ በተፈጸመበት ምድር ማሰብ ቢፈልጉ ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ልጆች የሚያዘጋጁት የአዳራሽ ድግስ ደስ ያሰኛል፤ ምስክሮቹ ግን እዚያ የሉም።

በ1973 የተቋረጠው የኢትዮጵያና የእስራኤል ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት በ1989 ከታደሰ፣ የደርግ መንግሥትም በ1991 ከወደቀ ወዲህ ለጉብኝት መመለስ የሚቻል ሆነ። ከቤን ጉርዮን አየር ማረፊያ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ አዘዞ ወዳለው የጎንደር አየር ማረፊያ ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ። ሱዳን ለመድረስ ሳምንታት በእግር ለሄደ ሰው ይህ አጭርነት ራሱ ከባድ ነገር ነው። ጊዜን በተመለከተ፣ በእስራኤል የልጆች ትምህርት የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ የሚመቸው ያኔ ነው፤ ግን ክረምቱ የገጠሩን መንገድ ጭቃ ያደርገዋል። ባልና ሚስቱ ብቻቸውን የሚሄዱ ከሆነ ጥር ይሻላል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መንገዱ ደርቋል፣ ሠርጋቸውም በዚያው ወር የነበረ እንደሆነ ዕለቱ ይገጥማል። ጥር 11 ቀን በጎንደር በፋሲል መዋኛ የሚከበረው ጥምቀት ከተማዋን ስለሚያጨናንቅ ማደሪያ ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል።

ጎንደር ለተመላሹ መጀመሪያ የምታሳየው መጠኗን ነው። በ1994 ቆጠራ 112 ሺህ የነበረው ነዋሪዋ በ2007 ቆጠራ ከ207 ሺህ አልፏል፤ ከዚያ ወዲህም መስፋቷን አላቆመችም። ድሮ ለገበያ በአህያ ተጉዞ የሚገባባት ከተማ ዛሬ በባጃጅ የተሞላች ናት። ከፍ ያለ ድንጋጤ የሚያመጣው ግን ገንዘቡ ነው። በ1980ዎቹ አንድ ዶላር በሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ ከጁላይ 2024 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዋጋው ከመቶ ብር አልፏል። በሬ በስንት ብር ይሸጥ እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው የአንድ ምሳ ሒሳብ ሲቀርብለት ደጋግሞ ያያል። አማርኛውም ተለያይቷል። የተመላሹ አማርኛ የወጣበትን ዘመን የገጠር አነጋገር ሳይለውጥ የያዘ፣ በመሐሉም ዕብራይስጥ የገባበት ነው፤ የከተማው ወጣት ደግሞ ሌላ ቃላት ያወጣል። በገበያ ላይ አንዲት አሮጊት «የማን ልጅ ነህ፣ ከወዴት ነህ?» ብለው ሲጠይቁ ግን መግባባቱ ያለ ችግር ይቀጥላል።

ከጎንደር በስተ ሰሜን ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ወለቃ አለች። በመንገዱ ዳር የሸክላ ሥራ የሚሸጥባት፣ ጎብኚ ሁሉ የሚቆምባት የቀድሞ የቤተ እስራኤል መንደር ናት። ቤተ ጸሎቷ ቆሟል፤ ሸክላውን ዛሬ የሚሠሩትና የሚሸጡት ግን በአብዛኛው ሌሎች ሴቶች ናቸው። ሙያው ባለቤቶቹ ከሄዱ በኋላ በስማቸው መቀጠሉ ተመላሹን በአንድ ጊዜ ያስደስተዋልም ያሳዝነዋልም። ወደ ሌላዋ የቀድሞ የቤተ እስራኤል መንደር ወደ አምቦበር የሚሄዱት ደግሞ ትምህርት ቤቱንና የማኅበረሰቡ በዓል ስግድ ሲከበር ሕዝብ ይወጣበት የነበረውን ተራራ ያያሉ። ስግድ ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ነው፤ በየዓመቱ ሕዝቡ ኢየሩሳሌም ላይ ይሰበሰባል። ጸሎቱ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮ ይደረግበት የነበረው ተራራ ግን ዛሬ ከብት የሚሰማራበት ነው።

በትውልድ መንደር የሚሆነው ከቤተሰብ ቤተሰብ ይለያያል፤ የሚደጋገሙ ነገሮች ግን አሉ። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ተተክቷል። ግቢው የሌላ ነው፣ ባሕር ዛፉ በዝቷል፣ ምንጩ ግን በቦታው አለ። ጎረቤት ሲሰማ ይሰበሰባል፤ ቡና ይፈላል፤ የሞተው እየተቆጠረ ይለቀሳል። ያልተሰናበተው ሰው «እንዲህ ጥላችሁን ትሄዱ?» ሲባል የሚመልሰው ብዙ የለውም፤ ይቅርታ ይጠያየቃሉ። የወላጅን መቃብር ያገኘ ያጸዳዋል፣ ያጥረዋል። ይህ ፍቅር እውነተኛ ነው። እውነት የሆነ ሌላም ነገር አለ፦ እነዚሁ ሰዎች በአንድ ወቅት በብዙ ስፍራ ርስት ያልነበራቸው፣ በሰው መሬት ላይ የሚያርሱ፣ በእጅ ሙያቸው ምክንያት ቡዳ እየተባሉ የተፈሩና የተገለሉ ነበሩ። ቡናው ላይ ይህ አይነሣም፤ በመመለሻው መንገድ ላይ ባልና ሚስቱ ለብቻቸው ሲሆኑ ይነሣል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ከባድ ቢሆንም አንዱን ጥሎ ሌላውን ብቻ የሚያወራ ተመላሽ ለልጆቹ ግማሹን አገር ነው የሚነግራቸው።

የጎርጎራ መንገድ ከአዘዞ ተነሥቶ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል የደንቢያን ሜዳ ያቋርጣል። ጥቁር ዋልካ መሬት ነው፤ ጤፉና ሽምብራው የታወቀ ነው። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ጎንደር ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ሲወረድ አየሩ ይሞቃል፣ ከሜዳው መጨረሻም ሐይቁ ይገለጣል።

የጎርጎራ ታሪክ ለነዚህ ተጓዦች ከሌላ ጎብኚ ይልቅ ቅርብ ነው። ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት የተቀበሉት በየሱሳውያን ሚስዮናውያን ምክር ሲሆን፣ ከመካከላቸው ዋነኛው ስፔናዊው ፔድሮ ፓዬዝ በ1622 የሞተው እዚሁ ጎርጎራ ነው። የቤተ መንግሥቱና የካቶሊኩ ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ፣ ማርያም ግምብ የሚባለው፣ ከዛሬዋ ከተማ ወደ ምዕራብ በሐይቁ ዳር ይገኛል፤ በጀልባ ይደረሳል። ሕዝቡ በእምነት ለውጡ ስለተነሣባቸው ንጉሡ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ፋሲልም የየሱሳውያኑን ሥራ ሽረው በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ። በተለምዶ የሚነገረው እዚህ ላይ ያበቃል። ሱስንዮስ ግን በዚያው ዘመነ መንግሥት በሰሜን ተራሮች የራሱ ግዛት በነበረው በቤተ እስራኤል ላይ ተከታታይ ዘመቻ አድርገዋል። በ1620ዎቹ መሪው ጌዴዎን ተገደለ፤ የራስ ገዝነቱም ዘመን በዚሁ አከተመ። ርስቱን ያጣው ሕዝብ ቀስ በቀስ ወደ አንጥረኝነት፣ ወደ ሸክላና ወደ ግንበኝነት ያዘነበለው ከዚህ ሽንፈት ጋር በተያያዘ ነው። የጎንደር ነገሥታት ግንብ ሲያሠሩ ከሠሩት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩበት። በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበው የፋሲል ግቢ፣ ለተመላሹ፣ የአያቶቹ ሙያ ያለበት ግድግዳ ነው። ጎርጎራ ላይ ቆሞ ይህን ቅደም ተከተል የሚያውቅ ሰው፣ ስደቱ በ1984 እንዳልጀመረና ሦስት መቶ ስልሳ ዓመት ያህል ቀድሞ መሬት በማጣት እንደተጀመረ ያያል። በአስጎብኚዎች አንደበት ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ መታለፍ አልነበረበትም።

በከተማዋ ውስጥ ያለችው ደብረ ሲና ማርያም የሣር ክዳን ያላት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። መመሥረቷ በአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን እንደሆነ ይነገራል፤ የግድግዳ ሥዕሎቿ የ17ኛው መቶ ዘመን ናቸው፣ ከፋሲል እኅት ከመላኮታዊት ጋርም ይያያዛሉ። በጣና ላይ ካሉት ደሴት ገዳማት አንዳንዶቹ፣ እንደ ክብራን ገብርኤልና ደጋ እስጢፋኖስ ያሉት፣ ሴት አያስገቡም። ባልና ሚስት ሆኖ የሚሄድ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ አንዱ ጀልባ ላይ ሌላውን ሲጠብቅ ከመዋል ይድናል።

ሐይቁ ራሱ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። የአሽዶድ ሰው ለዕረፍት የሚያውቀው ሐይቅ ጥብርያዶስ ያለችበት ኪኔሬት ሲሆን ስፋቱ 166 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣና ከአሥራ ስምንት እጥፍ በላይ ይሆናል። ኪኔሬት ከባሕር ወለል በታች ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሲወርድ ጣና ከፍ ባለ ምድር ላይ የተቀመጠ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከአሥራ አምስት ሜትር እምብዛም አያልፍም። ዓሣው ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ። የጣናው ቆሮሶ በጥብርያዶስ ገበታ ላይ ከሚቀርበው አምኑን ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ክንፍና ቅርፊት ስላለው ኮሸር የሚጠብቅ ሰው ይበላዋል። ቅርፊት የሌለው አምባዛ ግን አይበላም። በኦሪት የታረደ ሥጋ በማይገኝበት አገር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ቆሮሶው በአዲስ ድስት ከተሠራላቸው፣ ከደንቢያ ጤፍ እንጀራ ጋር የጋብቻ በዓላቸው ምሳ ያለ ችግር ይሟላል።

በዳርቻው ነገደ ወይጦ ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፤ ታንኳው ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በጥቂት ወራት ይለወጣል። ጠዋት ጠዋት ፔሊካን ይታያል፤ ጉማሬም አለ። ከ2011 ወዲህ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ ዓሣ አጥማጁንና የደንቢያን ገበሬ ክፉኛ ጎድቷል፤ ሕዝቡ በእጁ ሲነቅለው ቆይቷል፣ ማሽንም ገብቷል፣ አረሙ ግን አሁንም አልጠፋም። ለማደሪያ ከቆየው የወደብ ሆቴል ሌላ በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት የተሠራው ጎርጎራ ኢኮ ሪዞርት አለ። የሪዞርቱ ምቾትና ከጥቂት ኪሎ ሜትር ወዲያ ያለው የገበሬ ቤት ልዩነት ዓይን ይስባል፤ በዚያ ቤት ለተወለደ ሰው ደግሞ ይከነክናል።

ጉዞው ከጸጥታ ተለይቶ ሊታሰብ አይችልም። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል ውጊያ ሲስፋፋ እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ሁለት መቶ ያህል ሰዎችን በአውሮፕላን አውጥታለች። ጎንደር ድረስ በአየር መግባት ሲቻል እንኳ የቆላ ድባ መንገድ ሊዘጋ ይችላል፤ መነሻው ጠዋት ላይ የአካባቢውን ሰው ጠይቆ ብቻ ነው መወሰን ያለበት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተጋቡት ዛሬ ስልሳ ዓመትን የተጠጉ ወይም ያለፉ ናቸው፤ በሠርጋቸው ዳስ ውስጥ የነበረው ጎረቤትም ከነሱ ጋር አርጅቷል። ስለዚህ ቀኑ አጥሮ ወይም መንገዱ አስግቶ ከሁለቱ አንዱን መተው ግድ ከሆነ፣ መንደሩን አስቀድሞ ጎርጎራን ለሌላ ዓመት ማቆየት ይሻላል።